ገበያው በተዘጋ ጊዜ፤ የ1914 የገንዘብ ድንጋጤና ትምህርቱ

ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጦር ሜዳው፥ ስለ ውሎቹ፥ ስለ ነገሥታቱም ውድቀት የተጻፈው ቤተ መጻሕፍትን ይሞላል። ነገር ግን በምዕራብ አውሮፓ የመጀመሪያው መድፍ ከመተኰሱ አስቀድሞ፥ በ1914 በጁላይ ወር የመጨረሻ ሳምንት፥ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር ፈርሶ ነበር። ይኸውም ከቪየና እስከ ለንደን፥ ከለንደንም እስከ ኒው ዮርክ ተያይዞ ይሠራ የነበረው የአክሲዮንና የብድር ሰነድ ገበያ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓለም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ከሌላው በኋላ በራቸውን ዘጉ፤ ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ አራትና አምስት ወር ሳይከፈቱ ቆዩ።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለመመርመር እንሞክራለን። አንደኛ፥ ገበያዎቹ ስለ ምን ተዘጉ? ሁለተኛ፥ መዘጋታቸው ማንን ጠቀመ፥ ማንንስ ጐዳ? ሦስተኛ፥ ከዚያ ወዲህ በመጡት የዓለም ችግሮች ገበያዎች የተከተሉት ጠባይ ከ1914 ጋር ይመሳሰላልን? የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከድንጋጤው በፊት የነበረው ሥርዓት

ከ1914 በፊት በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የታላላቆቹ መንግሥታት ገንዘብ በወርቅ መደብ ላይ የቆመ ነበር። ፓውንዱም፥ ፍራንኩም፥ ማርኩም፥ ዶላሩም እያንዳንዱ በሕግ በተወሰነ የወርቅ ልክ ይመነዘር ስለ ነበረ፥ በአንዱ አገር የሚኖር ባለገንዘብ ወረቱን በሌላው አገር ሲያኖር የምንዛሪው ነገር ብዙ አያሳስበውም ነበር። አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር ከ86 ሳንቲም ብዙ ሳይርቅ ለዓመታት ኖሯል።

የዚህ ሥርዓት ልብ ለንደን ነበረች፤ የለንደንም ኀይል በተለይ በሐዋላ ሰነድ ንግድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከብራዚል ቡና ወደ ሃምቡርግ የሚልክ ነጋዴ ዋጋውን ለመቀበል ሦስት ወር ቢጠብቅ ሥራው ይቆምበታል። ስለዚህ በለንደን ያለ ስመ ጥር የገንዘብ ቤት ገዢው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ በሰነዱ ላይ ይፈርምለታል። ፊርማው ያረፈበት ሰነድ እንደ ገንዘብ ይቈጠራል፤ ባንኮችም ጥቂት ቅናሽ እያስቀሩ ይገዙታል። በ1914 አጋማሽ በዚህ ገበያ ላይ የነበረው ሰነድ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ይገመት ነበር። ዕዳውን የሚከፍሉት ሰዎች ግን አብዛኛዎቹ በውጭ አገር፥ ከነዚያም ብዙዎቹ በጀርመን፥ በአውስትሪያና በሩስያ የሚኖሩ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ጠንቃቃ የሚባል ባለሀብት የነበረው የአክሲዮንና የብድር ሰነድ ስብስብ፥ ዛሬ ፖርትፎሊዮ የምንለው፥ ምን ይመስል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። እንግሊዛዊው ኮንሶል የሚባለውን የመንግሥቱን የብድር ሰነድ ይይዛል፤ በላዩም የአሜሪካንና የአርጀንቲናን የባቡር ሐዲድ ሰነድ ይጨምራል። ፈረንሳዊው ቆጣቢ ደግሞ የሩስያን መንግሥት የብድር ሰነድ በብዛት ይገዛል፤ መንግሥቱም ከሩስያ ጋር ስለ ተወዳጀ ይህን ያበረታታዋል። ሀብትን በብዙ አገር መበታተን ከአደጋ ያድናል የሚለው አሳብ የዚያን ዘመን ሰዎችም አሳብ ነበር፤ እኛ በዘመናችን ያገኘነው ጥበብ አይደለም።

አምስቱ ሳምንታት

የአውስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ የተገደለው ጁን 28 ቀን ነው። ዛሬ ወደ ኋላ ስንመለከት የጦሩ መነሻ ይህ እንደ ሆነ እናውቃለን። ገበያው ግን በዚያን ጊዜ ይህን አላወቀም። ለሦስት ሳምንት ከዚያም በላይ የለንደን የብድር ሰነዶች ዋጋ እምብዛም አልተነቃነቀም። የታሪክ ጸሐፊው ኒያል ፈርጉሰን በዚያን ወር የነበረውን የሰነዶች ዋጋ መርምሮ፥ ባለገንዘቦቹ አደጋውን ያዩት በመጨረሻው ሳምንት ብቻ እንደ ነበረ አሳይቷል።

ይህ ነገር ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ገበያ የብዙ ሰዎችን ዕውቀት በአንድ ዋጋ ላይ ስለሚሰበስብ ከማንም ይልቅ አስቀድሞ ያያል የሚሉ መምህራን አሉ። በተራው ጊዜ ይህ አባባል እውነትነት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን የ1914 ባለገንዘቦች ከዚያ በፊት በሞሮኮና በባልካን ምክንያት የተነሡት ጠቦች በድርድር ሲበርዱ አይተዋልና፥ ይህም እንደዚያው ይበርዳል ብለው ገመቱ። ዋጋው የያዘው ያለፈውን ልማድ እንጂ የሚመጣውን ነገር አልነበረም።

ጁላይ 23 ቀን አውስትሪያ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዋን ሰጠች፤ ጁላይ 28 ቀንም ጦርነት ዐወጀች። ከዚህ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ተነሣ። የቪየና ገበያ ከቀደሙት ጋር ተዘጋ፤ ከዚያም በርሊን፥ ብሩሴል፥ ሮማ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማም ተከተሉ። እዚህ ላይ የምናየው ሕግ ቀላል ነው። አንዱ ገበያ ሲዘጋ በዚያ ሊሸጥ ያሰበው ሰው አሳቡን አይለውጥም፤ ገና ወዳልተዘጋው ገበያ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዘጋት በቀሩት ላይ ያለውን ሸክም ያበዛዋል። ከደረቁ ጋር እርጥቡ አብሮ ይነዳል እንደሚባለው፥ ከጦሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የአሜሪካ ባቡር ሐዲድ ሰነድ ከአውስትሪያው ጋር አብሮ ወደቀ። ይህም የሆነው መጥፎ ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም፤ ጥሩ ስለ ሆነና ገዢ ስለሚያገኝ ነው። ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሰው የሚሸጠው የሚጠላውን ሳይሆን የሚሸጥለትን ነው።

ለንደን

በለንደን የነበረው ችግር ሁለት ሥር ነበረው። የመጀመሪያው በአክሲዮን ገበያው ውስጥ ነበር። ደላሎች አክሲዮኑን አስይዘው ከባንኮች ብዙ ገንዘብ ይበደሩ ነበር። ዋጋው ሲወድቅ መያዣው ያንሳል፤ መያዣው ሲያንስ ባንኩ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ደላላውም ለመክፈል ይሸጣል፤ ሽያጩ ዋጋውን እንደ ገና ይጥለዋል። በዚህ ላይ በውጭ አገር ያሉት ደንበኞቻቸው ገንዘብ መላክ ስላልቻሉ፥ በጁላይ 29 ደረንበርግ የተባለው የታወቀ የደላላ ቤት ወደቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ሁለተኛውና ጠለቅ ያለው ሥር የሐዋላው ሰነድ ነበር። ከአውሮፓ ወደ ለንደን የሚላከው ገንዘብ በተቋረጠ ጊዜ፥ በሰነዶቹ ላይ የፈረሙት ቤቶች የሌሎችን ዕዳ ከገዛ ኪሳቸው እንዲከፍሉ ተገደዱ፤ ይህም ከዐቅማቸው በላይ ነበር። እነርሱ ቢወድቁ ሰነዱን ገዝተው የያዙት ቤቶች ይወድቃሉ፤ እነዚህ ቢወድቁ ደግሞ ያበደሯቸው ባንኮች ይናጋሉ።

ጁላይ 31 ቀን ማለዳ የለንደን የአክሲዮን ገበያ ተዘጋ። በታሪኩ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም ነበር። በዚያው ቀን ባንኮች ለደንበኞቻቸው ወርቅ መስጠት ትተው የወረቀት ገንዘብ ይሰጡ ጀመር። ከወረቀቱ ትንሹ የ5 ፓውንድ ስለ ነበረ ለዕለት ጉዳይ አይመችም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ወረቀቱን በወርቅ ለመለወጥ በእንግሊዝ ባንክ ደጅ ተሰለፈ። ባንኩ የወለዱን ልክ ጁላይ 30 ቀን ከመቶ 3 ወደ 4፥ በማግስቱ ወደ 8፥ ኦገስት 1 ቀን ወደ 10 ከፍ አደረገው።

በዚያን ጊዜ ወጣት መምህር የነበረው ጆን ሜናርድ ኬንስ ስለዚሁ ነገር በኢኮኖሚክ ጆርናል በጻፈው ጽሑፍ ባንኮቹን አጥብቆ ነቅፏቸዋል። የነቀፋውም ፍሬ ነገር፥ ባንኮቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ወርቅ ለማዳን ሲሉ የጋራውን ሥርዓት አስጨነቁት የሚል ነው። ነቀፋው ለአንዳንዶቹ ከበዛ እንኳ፥ አሳቡ ለማንኛውም ድንጋጤ የሚስማማ ነው። ለአንዱ ጥንቃቄ የሆነው ነገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያደርጉት ጥፋት ይሆናል።

መንግሥት ያደረገው እንዲህ ነው። ኦገስት 3 ቀን የዋለውን የባንክ በዓል በሦስት ቀን አራዘመ። የዕዳ መክፈያ ጊዜን የሚያራዝም ዐዋጅ አወጣ። ባንኮች ኦገስት 7 ቀን ሲከፈቱ የ1 ፓውንድ አዲስ የወረቀት ገንዘብ አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም የ10 ሺሊንጉን አወጣ፤ ይህም ወረቀት የግምጃ ቤቱ ሹም ሰር ጆን ብራድበሪ ፊርማ ስለ ነበረበት ሕዝቡ ብራድበሪ ይለው ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በኦገስት አጋማሽ ግድም የተደረገው ነው። የእንግሊዝ ባንክ ከጦሩ በፊት የተፈረሙትን የሐዋላ ሰነዶች እንዲገዛ፥ ኪሳራ ቢመጣም መንግሥት እንደሚሸከመው ቃል ተገባ። ባንኩም ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ ሰነድ ገዛ። በዚህ ዓይነት የግል ነጋዴዎች ዕዳ በሕዝቡ ትከሻ ላይ ዐረፈ ማለት ነው። ሪቻርድ ሮበርትስ በ2013 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ድንጋጤ በዝርዝር ከመረመረ በኋላ፥ ለንደን ከደረሱባት የገንዘብ አደጋዎች ሁሉ ከከባዶቹ መካከል አስቈጥሮታል፤ ሆኖም መድኀኒቱ ስለ ሠራ ሰው ረሳው።

ኒው ዮርክ

ጁላይ 30 ቀን በኒው ዮርክ ገበያ የታየው ውድቀት ከ1907ቱ ድንጋጤ ወዲህ ያልታየ ነበር። በዚያን ሌሊት ከአውሮፓ የሽያጭ ትእዛዝ በቴሌግራም ጐረፈ። በማግስቱ ለንደን መዘጋቷ ሲሰማ፥ የገበያው አስተዳዳሪዎች ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንዲዘጋ ወሰኑ። ገበያው ከዚያ በፊት በ1873 ለዐሥር ቀን ያህል ተዘግቶ ያውቃል፤ አሁን ግን ለአራት ወር ተኩል ሊቆይ ነው።

የመዘጋቱ ምክንያት ዋጋው እንዳይወድቅ ብቻ አልነበረም። አውሮፓዊው የአሜሪካ አክሲዮኑን ሲሸጥ ዶላር ይቀበላል፤ ዶላሩን ወርቅ አድርጎ ወደ አገሩ ይወስዳል። ዊሊያም ሲልበር በ2007 በጻፈው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ዊሊያም ማካዱ የፈራው ይህን ነበር። ገበያው ከተዘጋ ሻጩ መሸጥ አይችልም፤ ካልሸጠም ወርቁን አይወስድም። ማካዱ ከዚህ ጋር በ1908 ወጥቶ የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ የወረቀት ገንዘብ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚህም ሕግ ባንኮች ከ380 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። ስለዚህ በ1907 እንደ ሆነው ባንኮች ለደንበኛ ገንዘብ የሚከለክሉበት ምክንያት አልነበረም። አሜሪካ የወርቅ ክፍያዋን ሳታቋርጥ ያን ወቅት አለፈች፤ ከዚያም ወዲህ የዶላር ክብር እያደገ ሄደ።

ነገር ግን የገበያን በር መዝጋት ንግድን መዝጋት አይደለም። ከገበያው ሕንጻ አጠገብ ባለው ኒው ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ሰዎች ቆመው አክሲዮን ይሸጡና ይገዙ ጀመር። ጋዜጦች የዚያን መንገድ ዋጋ እንዳያትሙ ተለመኑ፤ አብዛኛዎቹም እሺ አሉ። ስለዚህ ዋጋውን የሚያውቁት በመንገዱ ላይ የቆሙት ብቻ ነበሩ። ሕፃን ልጇን የምታሳድግና የባሏን አክሲዮን ሸጣ መኖር የሚያስፈልጋት አንዲት መበለት በኦክሊሆማ ወይም በኦሃዮ ብትኖር፥ ሀብቷ በዚያን ቀን ምን እንደሚያወጣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ጥጥ አምራቾቹ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባንኮችና ስለ ደላሎች ነው። ነገር ግን የዚያ ድንጋጤ ከባዱ ሸክም ያረፈው አክሲዮን ይዘው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1914 የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፥ ማለትም በተባበሩት መንግሥታት ደቡብ ያሉት፥ 16 ሚሊዮን እሽግ ያህል ጥጥ አመረቱ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ተመርቶ አያውቅም። ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ውጭ፥ በተለይም ወደ እንግሊዝና ወደ ጀርመን የሚሄድ ነበር። የጥጡ ገበያ በኒው ዮርክ ጁላይ 31 ቀን ከአክሲዮኑ ጋር ተዘጋ፤ እስከ ኖቬምበር 16 ድረስም አልተከፈተም።

አክሲዮን የያዘ ሰው ወረቀቱን በሣጥን ቈልፎ ሊጠብቅ ይችላል። ገበሬው ግን ለዘርና ለቀለብ የተበደረውን የሚከፍለው በመከር ነው፤ አበዳሪውም ገበያ ተዘግቷል ሲባል ዕዳውን አይምርም። በጦሩ ዋዜማ ፓውንዱ በ12 ወይም በ13 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ጥጥ በመከሩ ጊዜ ወደ 7 ሳንቲም ግድም ወረደ። እያንዳንዱ ሰው በ10 ሳንቲም ሒሳብ አንድ እሽግ ጥጥ ገዝቶ እንዲያስቀምጥ ዘመቻ ተደረገ፤ ብዙ ሰዎችም ገዙ፤ ነገር ግን በአንዳንድ እሽግ የሚገዛ ለጋስ 16 ሚሊዮን እሽግ ሊጨርስ አይችልም። ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑት የእኩል አራሾች በዚያ ዓመት ከዕዳ ሳይወጡ ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻገሩ።

ስለዚህ መዘጋቱ ሁሉን እኩል አልጠበቀም። የጠበቀው መቆየት የሚችለውን ነው።

ገበያው ሲከፈት

የኒው ዮርክ ገበያ የብድር ሰነዶችን ንግድ ኖቬምበር 28 ቀን፥ የአክሲዮኑን ዲሴምበር 12 ቀን ጀመረ። ከተወሰነ ዋጋ በታች መሸጥ ግን እስከ 1915 ጸደይ ተከልክሎ ነበር። ለንደን የከፈተችው ጃንዋሪ 4 ቀን 1915 ነው፤ በእጅ በእጅ ካልሆነ በቀር በዱቤ መገበያየት አልተፈቀደም።

በዚህ ስፍራ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ እናቅርብ። ዶው ጆንስ የተባለው የዋጋ መለኪያ በተከፈተበት ቀን ከመቶ 24 ያህል ወደቀ የሚል ቃል በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ይህ እውነት አይደለም። በዚያን ቀን የታተመው መለኪያ ጁላይ 30 ቀን ከነበረው 71 ነጥብ 42 ወደ 74 ነጥብ 56 ከፍ ብሎ ነበር። ስሕተቱ የመጣው በ1916 መለኪያው በአዲስ የኩባንያዎች ዝርዝር ሲሠራ፥ አዲሱ ቍጥር ወደ ኋላ እስከ ዲሴምበር 1914 ብቻ ተሰልቶ ከአሮጌው ቍጥር ጋር ስለ ተቀጠለ ነው። ቍጥር ስለ ሆነ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ማን፥ መቼ፥ በምን ዘዴ እንደ ቈጠረው መጠየቅ ይገባል።

በተከታዩ ዓመት በ1915 ያው መለኪያ ከመቶ 80 በላይ አደገ፤ አሜሪካ ለተዋጊዎቹ የጦር ዕቃና እህል ሻጭ ሆነች። ጁላይ 30 ቀን በድንጋጤ የሸጠው ሰው ይህን ሁሉ አጣ። እንግዲህ በድንጋጤ ጊዜ አትሽጥ የሚለው ምክር ትክክል ነው ሊባል ነውን?

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ያን ምክር ሰምቶ የሩስያን የብድር ሰነድ የያዘው ፈረንሳዊ በትዕግሥት ጠበቀ፤ በ1918 በፌብሩዋሪ አዲሱ የሩስያ መንግሥት የንጉሡን ዕዳ ሰረዘው። የጀርመንን ሰነድ የያዘውም ጠበቀ፤ በ1923 መጨረሻ አንድ ዶላር 4 ነጥብ 2 ትሪሊዮን ማርክ ሲሆን በእጁ የቀረው ወረቀት ብቻ ሆነ። ሦስቱም ሰዎች በጁላይ 1914 አንድ ዓይነት ፍርሃት ነበራቸው፤ ሦስቱም ጠንቃቃ ይባሉ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከትዕግሥታቸው ሳይሆን ሰነዱን የፈረመው መንግሥት ከደረሰበት ዕድል ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ኪሳራ እንለይ። አንዱ የዋጋ መውደቅ ነው፤ ይህን ጊዜ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው የባለዕዳው መጥፋት ነው፤ ይህን ጊዜ አይመልሰውም። በድንጋጤው ቀን ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ድንጋጤዎች

በ1929 በኦክቶበር የኒው ዮርክ ገበያ ሲሰበር ገበያው ለወራት አልተዘጋም። ዶው ጆንስ በሴፕቴምበር 1929 ከነበረው 381 ወርዶ በጁላይ 1932 ወደ 41 ደረሰ፤ ይህም ከመቶ 89 ያህል መቀነስ ነው። የቀድሞውን ልክ ያገኘው በ1954 ነው። በ1914 ባንኮች የሚፈልጉት ገንዘብ ወዲያው ተሰጣቸው፤ ከ1930 እስከ 1933 ግን በሺህ የሚቈጠሩ ባንኮች ሲወድቁ የሚያድናቸው በበቂ አልተገኘም። ከዚህም የምንረዳው የገበያው በር ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ብቻውን ነገሩን እንዳልወሰነው ነው።

በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንክ ሲወድቅ የታየው ነገር የለንደንን የሐዋላ ሰነድ ያስታውሳል። በአጭር ጊዜ ብድር የሚኖሩ ቤቶች ብድሩ ሲቋረጥባቸው ያላቸውን ሁሉ ለሽያጭ አቀረቡ፤ መንግሥታትም እንደ 1914 ዋስ ሆነው ቆሙ። በ2020 በበሽታው ወረርሽኝ ምክንያት የ500 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ከመቶ 34 ያህል ወደቀ፤ በማርች ወር ገበያው አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ እንዲቆም ተደረገ። ከሁሉ የሚደነቀው፥ እጅግ አስተማማኝ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የብድር ሰነድ እንኳ ለጥቂት ቀናት ገዢ እንደ ልብ የማያገኝ መሆኑ ነው፤ ባለሰነዶቹ የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ነበርና። የ1914 ኮንሶልም ከ75 ግድም ወደ 70 ግድም የወረደው በዚሁ ምክንያት ነበር። በ2020 ግን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በብዛት ስለ ገዛ መለኪያው በዚያው ዓመት በኦገስት የቀድሞውን ልክ አገኘ።

የ1914ን መልክ በይበልጥ የያዘው የ2022 ነው። ሩስያ ወደ ዩክሬን ጦር ካዘመተች በኋላ የሞስኮ የአክሲዮን ገበያ ከፌብሩዋሪ 28 ጀምሮ ተዘጋ፤ ማርች 24 ቀን በ33 አክሲዮኖች ብቻ ሲከፈት የውጭ አገር ሰዎች እንዳይሸጡ ተከልክለው ነበር። ማካዱ በ1914 የፈራው የውጭ ሻጭ ገንዘቡን ይዞ እንዳይሄድ ነበር፤ የ2022ቱ ክልከላ ደግሞ ይህንኑ በግልጽ አደረገው።

ፍርዳችን

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ሊወጡ ይችላሉ። አንዳንዶች መዝጋቱ ዓለምን ከከፋ ጥፋት አዳነ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መዝጋት እውነተኛውን ዋጋ መደበቅ ነው፤ የሰውን ንብረት ያለ ፈቃዱ ማሰር ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከጥያቄው ግማሹን ይዘዋል። በ1914 የመዝጋቱ ጥቅም የነበረው ጊዜ መስጠቱ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ጠቃሚ የሆነው በለንደን ዋስትናው፥ በኒው ዮርክ የአስቸኳይ ጊዜው ገንዘብ ስለ ተዘጋጀበት ነው። ለጥጡ ገበሬ ግን በተዘጋው ጊዜ ውስጥ የሚበቃ ነገር አልተዘጋጀለትም፤ ስለዚህ ለእርሱ መዘጋቱ መዘጋት ብቻ ሆነ። የተዘጋ ገበያ የሚመዘነው በሩ በመዘጋቱ አይደለም፤ ከበሩ በስተኋላ በተሠራው ሥራ ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በ1965 በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የተጀመረው የአክሲዮን መገበያያ በአብዮቱ ጊዜ ቀርቶ፥ አገራችን የአክሲዮን ገበያ እንደ ገና የከፈተችው በጃንዋሪ 2025 ነው። ወጣት ገበያ ስንይዝ ስለ ትርፉ ብዙ እንሰማለን፤ ስለ ድንጋጤው ቀን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቡናችንን የሚያመርተው ገበሬ ደግሞ አክሲዮን ባይኖረውም፥ የዓለም ዋጋ ሲናጋ መከሩን ይዞ መጠበቅ የማይችል ስለ ሆነ ከ1914ቱ የጥጥ ገበሬ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም ገበያ ስንነጋገር ከዋጋው ዕድገት በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንዲቀድሙ ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። በዚህ ገበያ ውስጥ ያለው ገንዘብ ምን ያህሉ በብድር የመጣ ነው? ድንጋጤው ሲመጣ ለመሸጥ የሚገደደው ማን ነው? በሩ ቢዘጋስ፥ እስኪከፈት ድረስ መኖር የማይችለውን ሰው ማን ያኖረዋል? በ1914 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የመለሷቸው ባንኮችና መንግሥታት ናቸው፤ መልሱንም ያገኙት ከድንጋጤው በኋላ ነው። ሦስተኛው በዚያ መከር ጥጡን በግማሽ ዋጋ ለሸጠው ገበሬ ሳይመለስ ቀርቷል።